የሜዳሊያ ሰንጠረዥ ምንድን ነው?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ እየጠጣን የተነሣ ክርክር ነው። አንዱ ወጣት «በፓሪስ ኦሊምፒክ እኛ ከግብፅ በላይ ነበርን» አለ። ጓደኛው ስልኩን አውጥቶ «በዚያው ዓመት አክራ ላይ አንደኛ የወጣችው ማን ሆነችና!» ብሎ አፋጠጠው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በማርች 2024 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ጋና ውስጥ የተካሄደውን 13ኛውን የአፍሪካ ጨዋታዎች ግብፅ መቶ ገደማ ወርቅ ሰብስባ በአንደኝነት ጨረሰች፤ እኛ ከእርሷ እጅግ ርቀን ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ ፓሪስ ላይ ስማችን ከስሟ በላይ ተጻፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ እኛ አልጠነከርን፣ ግብፅም አልደከመች። የተለወጠው ለውድድር የቀረበው ስፖርትና የሜዳሊያው አሰጣጥ ነው።

የሜዳሊያ ሰንጠረዥ በአንድ የብዙ ስፖርቶች ውድድር አገሮች ያገኙትን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ቆጥሮ በደረጃ የሚያሰልፍ ዝርዝር ነው። ብዙ ሰው ነጥብ የሚደመርበት ይመስለዋል። አይደመርም። አሰላለፉ የመዝገበ ቃላት ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ከለየ ሁለተኛውን የሚያየው የለም። ወርቅ ከለየ ብር አይታይም፤ ብር ከለየ ነሐስ አይታይም።

አብረውን የነበሩ አንድ ጡረተኛ የስፖርት መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከጠረጴዛው ላይ የለስላሳ ቆርኪ ለቅመው ደረደሩ። በአንድ ወገን አንድ ቆርኪ፣ በሌላው አሥር። «ይኼ አንድ ወርቅ ነው፤ እነዚያ አሥር ብር ናቸው። ማን ይበልጣል?» ወጣቱ «አሥሩማ!» ከማለቱ አሥሩን በመዳፋቸው ወደ ታች ገፉት። ከዚያ ወደ ፓሪስ ገቡ። ኢትዮጵያ አንድ ወርቅና ሦስት ብር፣ ነሐስ የላትም፤ ወርቁ የታምራት ቶላ ማራቶን ነው። ግብፅ ከየዓይነቱ አንድ አንድ። ወርቁ እኩል ስለሆነ ወደ ብር ይኬዳል፤ ሦስት ለአንድ። አለቀ። የግብፅን ነሐስ የጠየቀው የለም።

ከዚያ በፊት በነበረው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ግን ሰንጠረዡ እስከ መጨረሻው ዓምድ ወርዶ ነበር። የኛ አንድ ወርቅ (ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር)፣ አንድ ብርና ሁለት ነሐስ፤ የግብፅ አንድ ወርቅ፣ አንድ ብርና አራት ነሐስ። ግብፅ ያለፈችን በነሐስ ነው።

ይህ አቆጣጠር ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአሜሪካ ጋዜጦች ብዙ ጊዜ የሚያሰልፉት በሜዳሊያው ጠቅላላ ድምር ነው፤ የኦሊምፒክ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቻርተር ደግሞ ጨዋታዎቹ በስፖርተኞች እንጂ በአገሮች መካከል የሚደረጉ ውድድሮች አይደሉም ይላል። ቻርተሩን ሰምቶ ሰንጠረዥ ማየት የተወ አገር ግን እኔ አላውቅም።

ወደ አፍሪካ ጨዋታዎች ስንመለስ፣ ጨዋታው ብራዛቪል ላይ በ1965 ከተጀመረ ወዲህ በድምሩ ከሁሉ የላቀ ሜዳሊያ ያላት ግብፅ ናት። ምክንያቱን ለማየት ክብደት ማንሳትን መመልከት ይበቃል። አንዱ አነሣስ ክብደቱን በአንድ ትንፋሽ ከመሬት ከራስ በላይ ማድረስ ነው፤ ሌላው መጀመሪያ ትከሻ ላይ አሳርፎ ቀጥሎ ወደ ላይ መግፋት። ኦሊምፒክ የሁለቱን ድምር ብቻ ይሸልማል። በአፍሪካ ጨዋታዎች ግን ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው አንድ፣ ለድምሩ ሌላ አንድ ሜዳሊያ አለ፤ አንድ ብርቱ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ወርቅ አንጠልጥሎ ይወጣል። ዋና ላይም አንዱ ዋናተኛ በተለያየ የዋና ስልትና ርቀት ደጋግሞ ይወዳደራል። በቦክስ፣ በጁዶና በቴኳንዶ ደግሞ በየምድቡ ሁለት ነሐስ ይሰጣል።

የኛ ሀብት ከዚህ ሁሉ ርቆ የሩጫ መም ላይ ነው። በ10 ሺህ ሜትር ሦስት ልጆቻችን 25 ዙር ሮጠው ተከታትለው ቢገቡ እንኳ ወርቁ አንድ ነው። እግር ኳስ ከዚህም ይብሳል፤ ሙሉ ቡድን ላቡን አፍስሶ ሰንጠረዡ ላይ የሚጨምረው ያችኑ አንዲት ሜዳሊያ ነው።

ለዚህ ነው በሰንጠረዥ ብቻ ታሪካችንን የሚያነብ ሰው ብዙ የሚያመልጠው። የአፍሪካ ጨዋታዎች፣ ሌጎስ፣ ጃንዋሪ 1973። ከአራት ወር በፊት በሙኒክ ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ይዘው ተመልሰዋል። ሌጎስ ላይ ማሞ በ40 ዓመቱ ማራቶኑን አሸነፈ፤ ምሩጽም 10 ሺውን ወሰደ። በ2003 አቡጃ ላይ 5 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈው ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ የእያንዳንዳቸው ወርቅ ልኩ ከክብደት አንሺው ሦስት ወርቆች የአንዱ ያህል ነው። እኔ በበኩሌ አልቀይርም።

ወጣቱ ግን የቶኪዮው አልዋጥ ብሎታል። «በሁለት ነሐስ ተበለጥን ማለት ነው?» አለ። ጋሼ የግብፅን ስድስት ቆርኪ እንደገና ደረደሩና «ቶኪዮ ላይ ካራቴ ነበረ፤ ፓሪስ ላይ ወጥቷል» አሉ። የግብፅ የቶኪዮ ወርቅና ከነሐሶቿ አንዱ የካራቴ ናቸው። ሁለቱን ቆርኪ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። ጠረጴዛው ላይ ለግብፅ የቀረው አንድ ብርና ሦስት ነሐስ ነበር፤ የኛ ወርቅ ግን አልተነካም።