የስካውት ከፍተኛ ሽልማት በወሎ፦ መንገዱ፣ ሥራውና ጊዜው

የስካውት ከፍተኛ ሽልማት አንድ ወጣት ቃል ኪዳን ከገባ በኋላ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፣ ሙያ ተምሮ፣ እኩዮቹን መርቶ፣ በመጨረሻም ለአካባቢው የሚጠቅም ሥራ አስፈጽሞ የሚቀበለው ማዕረግ ነው። ስሙና ዝርዝሩ እንደየአገሩ ማኅበር ይለያያል። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1909 የተጀመረው የንጉሥ ስካውት ይባላል፤ አሁን ባለው ደንብ 25 ዓመት ሳይሞላ መጠናቀቅ አለበት። የአሜሪካው ንስር ስካውት ሲባል የመጀመሪያው ተሸላሚ አርተር ኤልድሬድ እ.ኤ.አ. በ1912 ተቀብሎታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሴት ተሸላሚዎች ግን እስከ 2021 መጠበቅ ነበረባቸው። በኢትዮጵያም ስካውት ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የታወቀ እንቅስቃሴ ነው።

ከዚህ በታች ለመለኪያነት የተወሰደው የንስር ስካውት መንገድ ነው። መስፈርቱ በወርና በቁጥር ተለይቶ የተጻፈ ስለሆነ ለሌላውም ማገናዘቢያ ይሆናል። አሠራሩ ግን የቀረበው ከወሎ መልክዓ ምድር፣ ከክረምቱና ከሕዝቡ አኗኗር ጋር ተያይዞ ነው።

ደረጃዎቹና ጊዜያቸው

ደረጃዎቹ ሰባት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ አራት ወጣቱ ቃል ኪዳኑንና ሕጉን፣ የገመድ አስተሳሰርን፣ የመጀመሪያ እርዳታን፣ በካርታና በኮምፓስ መጓዝን፣ ድንኳን መትከልንና ምግብ ማብሰልን ይማራል። አራተኛው አንደኛ ደረጃ ይባላል። ቀጥለው ኮከብ፣ ሕይወትና ንስር ይመጣሉ። ኮከብ ለመሆን በአንደኛ ደረጃ ቢያንስ 4 ወር፣ ሕይወት ለመሆን በኮከብ 6 ወር፣ ንስር ለመሆን በሕይወት ሌላ 6 ወር በንቃት ማገልገል ያስፈልጋል። በእነዚህ ወራት ውስጥ ወጣቱ በቡድኑ የኃላፊነት ቦታ ይይዛል፤ የፓትሮል (የቡድኑ ትንሽ ክፍል) መሪ፣ ጸሐፊ ወይም ንብረት ያዥ ሊሆን ይችላል። የሙያ ባጆቹም፣ ማለትም አንድን ሙያ ተምሮ ላሟላ የሚሰጡት ምልክቶች፣ በኮከብ 6፣ በሕይወት 11፣ በንስር 21 መድረስ አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ግዴታ የሆኑ አሉ፣ የቀሩት በምርጫ ይሞላሉ።

ወራቱ ሲደመሩ 16 ናቸው። የንስር መስፈርት በሙሉ 18ኛው የልደት ቀን ሳይደርስ ማለቅ ስላለበት፣ በ16 ዓመት ከ8 ወሩ አንደኛ ደረጃ ላይ ያልደረሰ ወጣት በሩ ተዘግቶበታል። ይህ ግን የወረቀት ስሌት ነው። በወሎ ሁኔታ በ15 ዓመቱ አንደኛ ደረጃ ላይ ያልደረሰ እጩ ይጨነቃል፤ ምክንያቱ ከታች ይታያል።

ብዙ ወጣቶችን የሚጥላቸው የትምህርቱ ክብደት አይደለም፤ በጥድፊያ የማይገፋ ጊዜ የያዙ ባጆች ናቸው። የገንዘብ አያያዝ ባጅ ገቢና ወጪ ለ13 ሳምንት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የአካል ብቃት ባጅ የ12 ሳምንት ልምምድ አለው። የቤተሰብ ኑሮ ባጅ ደግሞ ቢያንስ አምስት የቤት ሥራዎችን ለ90 ቀን መሥራትና መመዝገብን ይፈልጋል። የሦስቱም ሰዓት የሚቆጠረው መዝገቡ ከተከፈተበት ቀን ነው፤ ውኃ ከምንጭ መቅዳትና ከብት ማገድ ለወሎ ልጅ የዘወትር ሥራው ቢሆንም፣ ካልተጻፈ አይቆጠርለትም። ሦስቱን በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ማስጀመር ይሻላል፤ እስከ ገና ያልቃሉ። የካምፕ ባጅም 20 ሌሊት ውጭ ማደርን ስለሚጠይቅ በአንድ የትምህርት ዕረፍት አይሞላም።

ጉዞና ካምፕ በደጋና በቆላ መሃል

ከዋና፣ ከብስክሌትና ከእግር ጉዞ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። ለወሎ የእግር ጉዞው ይመቻል። የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ ወደ 80 ሜትር ስለሚደርስ ዋና ለሚማር ጀማሪ አይሆንም። የእግር ጉዞ ባጁ በተለያዩ ቀናት የሚደረጉ የ16 ኪሎ ሜትር ጉዞዎችንና በመጨረሻ በአንድ ቀን 32 ኪሎ ሜትር መሄድን ይጠይቃል። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ በመንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ርቀቱን ከዚህ መገመት ይቻላል።

የጉዞ ሰዓት ሲሰላ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የከፍታ ልዩነቱም 600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስሌቱ 6 ሰዓት ይሰጣል፤ ከዕረፍቱ ጋር 8 ይያዝ። ስሌቱ ለምሳሌ ነው እንጂ የሐረጎን ጠመዝማዛ የመኪና መንገድ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ መውጣት አይመከርም፤ የእግር መንገዱን የሚያውቅ ገበሬ ይጠየቅ። ከጉዞው በፊት የሚታለፍባቸው ቀበሌዎች ይነገራቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች ማንነቱ ያልታወቀ ብረት አይነካም፤ ቦታውን በሩቁ ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ማሳወቅ ከመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ቀድሞ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

ድንኳን ሸለቆ ግርጌ አይተከልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ታች ወርዶ እዚያ ስለሚተኛ ውርጩ የሚበረታው ከወገቡ ይልቅ በግርጌው ነው። በክረምት ደግሞ ደረቅ የሚመስል የወንዝ አሸዋ ላይ ማደር አደገኛ ነው፤ ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ቆላው ላይ ሊደርስ ይችላል። በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከላሊበላ በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ በ86 ገደማ። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠጣ ውኃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆያል፤ ሽምብራና ባቄላም ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ ማገዶ ይጨርሳል። ለዚህም ነው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ለካምፕ ከፓስታ የሚሻሉት፤ እሳት አይፈልጉም።

ለሴት ልጆች ትልቁ እንቅፋት ሌሊቱ ነው። ሴት መሪ አብራ ካላደረች ወላጅ አይፈቅድም፣ መፍቀድም የለበትም። ቡድኑ ሴት መሪ ሳያዘጋጅ ሴት ልጆችን ከመዘገበ 20ውን ሌሊት እንደማይሞሉ ከወዲሁ ይወቅ።

የአገልግሎት ፕሮጀክቱ

የሽልማቱ እምብርት ይህ ነው። ወጣቱ ለሃይማኖት ተቋም፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበረሰብ የሚጠቅም ሥራ ያቅዳል፣ ሌሎችን ይመራል፣ ያስፈጽማል። ለስካውት ማኅበሩ ራሱ ጥቅም መሥራት አይፈቀድም። በሰዓት የተወሰነ ዝቅተኛ መጠን የለም። ዕቅዱ በተጠቃሚው ተቋም፣ በቡድኑ መሪና በኮሚቴው፣ ከዚያም በበላይ አካል ጸድቆ ካልተፈረመ ሥራ አይጀመርም። አካፋ ጨብጦ ሁሉን ብቻውን የቆፈረ ጎበዝ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የሚመዘነው የመራው ሰው እንጂ የቆፈረው ጉድጓድ አይደለም።

በወሎ አብዛኛው ወጣት የሚያስበው ችግኝ ተከላ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚበላሸውም እሱ ነው። አንድ ቀን ተተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በጥር ፍየል የጨረሰው ችግኝ ፕሮጀክት አይባልም። በደንብ የተሠራ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ይታይ።

የትምህርት ቤት ተዳፋት 50 በ50 ሜትር ቢሆን ሩብ ሄክታር ነው። ችግኞቹ በ2.5 ሜትር ርቀት ሲተከሉ 20 ረድፍ በ20፣ በድምሩ 400 ጉድጓድ ይወጣል። ለሚሞተው 80 ተጨምሮ 480 ችግኝ ይፈላል። ለከረጢቱ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀላል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ባሕር ዛፍ በአምስት ወር ለተከላ ይደርሳል፤ ግን ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ምንጭ ወይም ማሳ ላይ ባይተከል ይመረጣል። የሐበሻ ጥድና ወይራ አዝጋሚ ናቸው፣ በተከላው ክረምት ዋዜማ ሳይሆን ባለፈው ክረምት ማብቂያ መዘራት አለባቸው። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ሳይበቅል ይከርማል። ከቆላው ወገን በባቲ አቅጣጫ ከሆነ ግራር ይሻላል፤ ዘሩ ቀድሞ በሙቅ ውኃ ይነከራል።

ጉድጓዶቹ ተዳፋቱን ተከትለው በእኩል ከፍታ መስመር መሆን አለባቸው፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ዶፍ መስመሩን ቦይ ያደርገዋል። መስመሩን ለማውጣት የልማት ሠራተኞች ኤ ፍሬም የሚሉት መሣሪያ ይበቃል። ሁለት የ2 ሜትር እንጨቶች ከላይ ይታሰራሉ፣ መሃላቸው ላይ አግዳሚ ይገባል፣ ከጫፉ ድንጋይ የታሰረበት ክር ይንጠለጠላል። እስሩ የስካውት አራት ማዕዘን እስር ነው፤ ሦስት ዙር ተጠቅልሎ በመካከል በሁለት ዙር ይወጠራል። ላልቶ ከታሰረ እግሮቹ ስለሚንሸራተቱ ልኬቱ ሁሉ ይሳሳታል። መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ይስተካከላል፦ እግሮቹ ሁለት ካስማ ላይ ይቆሙና ክሩ ያረፈበት ቦታ አግዳሚው ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ እግሮቹ ተለዋውጠው እንደገና ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች መካከል የውኃ ልክ ነው። ክሩ እዚያ ላይ ባረፈ ቁጥር ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፣ ስህተቱም ዝናብ ሲመጣ ነው የሚታየው።

ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይኖረዋል፤ የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጣል፣ ወደ ሥሩ የሚመለሰው እሱ ነው። ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ እርከን ይሠራለታል። ድንጋያማ መሬት ላይ አንድ ሰው በቀን ከ10 እስከ 15 ጉድጓድ ቢቆፍር ነው፤ ስለዚህ 400ው ለ16 ወጣት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ቁፋሮው በሚያዝያና በግንቦት ያልቃል። ተከላው ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ሲርስ፣ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት ይደረጋል። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይለየዋል። ፕላስቲኩ ተቀዶ ይወጣል፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ለአንድ ዓመት ያታልልና ይደርቃል። ከታች የተጠቀለለ ሥርም ተቆርጦ ይጣላል።

የጊዜው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ተፈታኞችም ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሄዳሉ። ፕሮጀክቱን ለ12ኛ ክፍል ክረምት ያቆየ ወጣት ተከላውንና ፈተናውን በአንድ ሰሞን ያገኛቸዋል። የ10ኛ ክፍል ክረምት ችግኝ ለማፍላቱ፣ የ11ኛ ክፍል ክረምት ለተከላው ቢውል መልካም ነው።

ሰውን ማስተባበርም የራሱ ቀን አለው። ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፤ መሬቱ የወል ግጦሽ ከሆነ ግን የርዕሰ መምህር ፊርማ አይበቃም። የቀበሌ መሬት አስተዳደር ይጠየቃል፣ ከብቱን የሚያሰማራውም ሰው በቅሬው (በአካባቢው እድር) ስብሰባ ይሰማ። ያልተማከረ ግጦሽ ላይ የቆመ ችግኝ አጥር አያድነውም። የቅሬው ዳኛ ከተስማማ ወላጆች በደቦ ይወጣሉ፣ ጥበቃውም ይገኛል። የሥራው ቀን ሲመረጥ ክርስቲያን ገበሬ መሬት የማይቆፍርባቸው በዓላት፣ የዓርብ ጁምዓ፣ ረመዳን ሲገጥም የጾሙ ድካምና የአካባቢው የገበያ ቀን ሁሉ ይታያሉ፤ በባቲ ሰኞ ሰው አይጠራም።

ወረቀቱና ሸንጎው

በየቀኑ የተገኘው ሰው ስም፣ የሠራበት ሰዓትና የወጣው ወጪ በዕለቱ ይመዘገባል። 16 ሰው ለሁለት ቀን በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 192 ሰዓት ነው፤ ከወር በኋላ ከትዝታ የተሞላ ቁጥር ግን ሲጠየቁ ይፈርሳል። ዕቅዱ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ችግኝ ጎድሎ 400ው 300 ከሆነ፣ ለውጡና ምክንያቱ ይጻፋል። መለወጥ አያስወድቅም።

ሰነዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሞላ ማኅበር ሲቀርብ ደግሞ የልደት ቀን ይታሰብ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ በሁለቱ አቆጣጠሮች መሃል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተወለደው፤ 8 ደምሮ 2008 ያለ ሰው ያልነበረ አንድ ዓመት ለራሱ ይሰጥና 18ኛው ዓመት ሳያስበው ይደርስበታል።

የመጨረሻው የግምገማ ሸንጎ ከ3 እስከ 6 አባላት አሉት። መስፈርቱ 18 ከመሙላቱ በፊት ካለቀ ሸንጎው ከዚያ በኋላም ሊቀመጥ ይችላል። የገመድ ፈተና አይደለም፤ ወጣቱ ቃል ኪዳኑን በቤቱና በሰፈሩ እንዴት እንደኖረበት፣ በፕሮጀክቱ ማን አልታዘዝ እንዳለውና ምን እንዳደረገ ይጠየቃል። በትሕትና ያደገ የወሎ ልጅ «እኛ ሠራን» ብሎ የራሱን ድርሻ ይሸፍናል፤ መሪው አስቀድሞ «አንተ የወሰንከውን ለይተህ ተናገር» ብሎ ቢያለማምደው ጥሩ ነው። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት። ካልጸደቀ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ይግባኝ የማለት መብትም አለው።