የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ፓራፋንጎ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የባለ አራት ጎማ ሞተር ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ሲሰነጠቅ ብዙዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ ያገኙትን ሙጫ ይቀቡታል፣ ወይ ነቅለው ይጥሉታል። ሁለቱም የችኮላ ውሳኔዎች ናቸው። ፕላስቲኩ ምን ዓይነት እንደሆነና ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ሳይታይ የተሠራ ጥገና ብዙም አይቆይም፤ ሊድን የሚችል ፓራፋንጎ መጣሉም ያሳዝናል።

«ጠንካራ ሙጫ ከተገኘ የማይጣበቅ ፕላስቲክ የለም»

አለ፤ አብዛኛው ፓራፋንጎም የሚሠራው ከእሱ ነው። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ለዚህ ሥራ የተመረጡት ድንጋይ ሲመታቸው ከመሰበር ይልቅ ስለሚለመጡ ነው። ገጻቸው ግን ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ፈሳሽ አይዘረጋበትም። ፈጣን ሙጫም ሆነ ኢፖክሲ ከላይ ደርቆ ይቀመጣል እንጂ ከፕላስቲኩ ጋር አይያያዝም። ሲደርቅ ደግሞ ግትር ስለሚሆን፣ ፓራፋንጎው በጉዞ ላይ ሲርገበገብ ጠርዙ ይነሳና በጥፍር ብቻ ተልጦ ይወጣል። በፋይበር ግላስ መለጠፍም በእነዚህ ፕላስቲኮች ላይ መጨረሻው ያው ነው። ለፖሊኤቲሊንና ለፖሊፕሮፒሊን ተብለው የተሠሩ፣ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚሠሩ ልዩ ማጣበቂያዎች እንዳሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በማሸጊያው ላይ የፕላስቲኩ ስም በግልጽ ካልተጻፈ አይመኑት።

«የፕላስቲኩን ዓይነት የሚያውቀው ፋብሪካው ብቻ ነው»

ፓራፋንጎውን ገልብጠው ውስጡን በደንብ ያጽዱ። ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ምህጻረ ቃል (ለፖሊኤቲሊን PE፣ ለፖሊፕሮፒሊን PP) እዚያው ላይ ታትሞ ይገኛል። ምልክት ከሌለ ከማይታይ ጠርዝ ትንሽ ቁራጭ በቢላ ይላጡና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ባለበት ውኃ ውስጥ ይክተቱት፤ ሳሙናው የአየር አረፋ ይዞት እንዳይንሳፈፍ ያደርጋል። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ይሰምጣል። ከሚንሳፈፉት ሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ የእያንዳንዳቸውን የብየዳ ዘንግ፣ ማለትም ቀልጦ ስንጥቁን የሚሞላውን ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ፣ በማይታይ ቦታ ላይ አቅልጠው ይሞክሩ። ከቀዘቀዘ በኋላ በፒንሳ ሲጎተት ሳይላቀቅ የሚቀረው የራሱ ዓይነት ነው። አንዳንዶች ቁራጩን አቃጥለው በጢሱ ሽታ ይለያሉ፤ የፕላስቲክ ጢስ ሊመርዝ ስለሚችል ይህን መንገድ በፍጹም አልመክርም።

«አሴቶን ማንኛውንም ፕላስቲክ አሟሙቶ ያያይዛል»

ይህ የሚሠራው ለኤቢኤስ ነው። የኤቢኤስ ፍርፋሪ በአሴቶን ሟሙቶ ሊጥ ሲሆን ስንጥቁን ጥሩ አድርጎ ይሞላል። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ግን በአሴቶን አይሟሙም፤ ለእነሱ አሴቶን ቅባት ማጽጃ ከመሆን አያልፍም።

«ስንጥቁን በጋለ ብረት ማለስለስ ብየዳ ነው»

ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጋለው ብረት ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን አቅልጦ ስንጥቁን ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት ግን እንደነበረ ይቀራል። ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ከማሞቅ በፊት ነው። ስንጥቁ የቆመበትን ጫፍ ፈልገው 3 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ መሰርሰሪያ ይብሱት፤ ክብ ቀዳዳ ጫና ስለሚበትን ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ያግደዋል። ጫፉ በዓይን ከሚታየው ትንሽ አልፎ ሊሆን ስለሚችል ፕላስቲኩን በቀስታ ለመጥ አድርገው ይመልከቱ። ከዚያ በስንጥቁ ላይ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ቦይ ይፈልፍሉ፤ ጥልቀቱ ከፕላስቲኩ ውፍረት ግማሹን ይለፍ።

አሁን የቦዩ ግድግዳና ከራሱ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራው ዘንግ እኩል መሞቅ አለባቸው። በሙቅ አየር መሣሪያ የሚሠራ ሰው አየሩን ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያደርጋል። ቦዩ ላብ እንዳወጣ ሲያብረቀርቅና ዘንጉ ሲጫኑት ሲሰጥም ጊዜው ደርሷል። ከጨሰ ወይም ቡናማ መሆን ከጀመረ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለውን ፍቆ አንሥቶ እንደገና መጀመር እንጂ በላዩ መደረብ አይጠቅምም። አንዱ ወገን ሲያልቅ በውስጥ በኩልም ይደገም፤ ብዙ ጫና በሚያርፍበት ቦታ ቀጭን የማይዝግ ብረት ወንፊት ውስጡ ቢቀበር ጥሩ ነው። በመጨረሻም በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ውኃ ማፍሰስ ብየዳውን በውስጡ ያስጨንቀዋል።

«የኬብል ማሰሪያ ቀልጦ ስንጥቅ ይሞላል»

የኬብል ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ነው፤ የሚቀልጠውም 260 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፖሊኤቲሊን በ130 ገደማ፣ ፖሊፕሮፒሊን በ160 ገደማ ይቀልጣሉ። ናይለኑ እስኪፈስስ ፓራፋንጎው ይጎዳል፤ ቢቀላቀሉም አይዋሃዱም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ በስቶ በማሰሪያው መስፋት ግን ሌላ ነገር ነው። መልኩ ባያምርም መንገድ ላይ ለሚያጋጥም ስብራት ሁነኛ መፍትሔ ነው።

«ፓራፋንጎው ሳይፈታ መበየድ ይቻላል»

አይሞከር። የነዳጅ ታንኩና ቱቦዎቹ ቅርብ ናቸው። ፈትተው፣ አጥበው፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሥሩ።

«ማንኛውም ስንጥቅ ይድናል»

ለዓመታት ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ገጹ ነጥቶ ሲዳሰስ እንደ ዱቄት ከለቀቀ፣ ጠርዙም ሲለመጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ውስጡ አርጅቷል። ብየዳው ቢይዝ እንኳ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይከፈታል። እንዲህ ያለው መተካት አለበት፤ ፓራፋንጎ የነጂውን እግር ከሚሽከረከረው ጎማ የሚለይ ዕቃ ነውና።

«ቡሎን በጠበቀ ቁጥር ፓራፋንጎው ይጸናል»

ስንጥቁ ከቡሎን ቀዳዳ የጀመረ ከሆነ ጥፋቱ የድንጋይ ሳይሆን የአሳሰሩ ሊሆን ይችላል። አንድ ሜትር የሚረዝም የፖሊኤቲሊን ቁራጭ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይለወጣል፤ በዚያው ሙቀት እኩል ርዝመት ያለው ብረት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው በቀዳዳው ውስጥ የብረት ቀለበት ወይም ጎማ የሚያስገባው ፕላስቲኩ ሳይጨፈለቅ እንዲላወስ ነው። እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ሲፈታ ይወድቁና ሳይመለሱ ይቀራሉ። ስለዚህ የተበየደውን ከመግጠም በፊት በእያንዳንዱ ቀዳዳ መኖራቸውን ይቁጠሩ፤ የጎደለ ካለ በሰፊ ሮንዴላና በጎማ ይተኩ፤ የፓራፋንጎው ተሸካሚ ብረት መጣመሙንም በዚያው ይመልከቱ። ቡሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ያስይዙ፤ ፓራፋንጎው ሳይወጠር በቦታው መቀመጡን ካዩ በኋላ በመፍቻ ያጥብቁ።