በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቁ መኖሪያዎችና የፕሮጀክት ግምገማ

መንገድ፣ ወደብ ወይም የንፋስ ኃይል ማመንጫ በሕግ በተጠበቀ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት መኖሪያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ መመርመር በአውሮፓ ኅብረት ግዴታ የሆነው በ1992 በወጣው የመኖሪያዎች መመሪያ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የ1979 የአእዋፍ መመሪያ ነበር። በሁለቱ መመሪያዎች የተከለሉት ቦታዎች «ናቹራ 2000» የተባለውን መረብ ይሠራሉ፤ መረቡ ከኅብረቱ የየብስ ስፋት 18 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል።

ዋናው ድንጋጌ የመኖሪያዎች መመሪያው አንቀጽ 6 ነው። ፕሮጀክቱ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ተደምሮ ቦታውን በእጅጉ ሊነካ ይችል እንደሆነ በቅድሚያ ይጣራል፤ ይችላል ከተባለ ቦታው ከተከለለበት ዓላማ አንጻር ዝርዝር ግምገማ ይደረጋል። ከተለመደው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚለየው ውጤቱ አስገዳጅ በመሆኑ ነው። በተለመደው ግምገማ ባለሥልጣኑ ጉዳቱን አውቆም ሊፈቅድ ይችላል፤ እዚህ ግን ቦታው እንደማይጎዳ ሳያረጋግጥ መፍቀድ አይችልም።

ይህን ሕግ ጥርስ ያበቀለለት የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ነው። በ2004 በኔዘርላንድስ ቫደን ባሕር ኮክል የተባለውን ባለዛጎል የባሕር እንስሳ በማሽን ማጥመድን በተመለከተ በሰጠው ውሳኔ፣ ምክንያታዊ ሳይንሳዊ ጥርጣሬ እስካለ ድረስ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስረግጦ ተናገረ። በየዓመቱ የሚታደስ የቆየ ሥራ እንኳ ከግምገማ አላመለጠም። በ2013 ደግሞ የአየርላንዱ የጎልዌይ መንገድ ጉዳይ ውሳኔ አገኘ። መንገዱ የሚያጠፋው ከ270 ሄክታር የኖራ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ 1.5 ሄክታር ያህሉን ብቻ ነበር፤ ሆኖም ልዩ ቅድሚያ የተሰጠው መኖሪያ እስከ ወዲያኛው ስለሚጠፋ ማነሱ አላዳነውም። በ2018፣ በሌላ የአየርላንድ ጉዳይ፣ ጉዳት መቀነሻ እርምጃዎችን በቅድመ ማጣሪያው ደረጃ ቆጥሮ ግምገማውን መዝለል ተከለከለ።

ብዙ ያነጋገረው ግን የኔዘርላንድስ ናይትሮጅን፣ ማለትም በተለይ ከከብት እርባታ እየወጣ የተጠበቁ መኖሪያዎችን የሚጎዳው ብክለት ነው። የአገሪቱ ፕሮግራም ወደፊት ይመጣል በተባለ የብክለት ቅነሳ ተማምኖ ናይትሮጅን የሚለቁ ሥራዎችን አስቀድሞ ይፈቅድ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በግንቦት 2019 ሲሽረው የግንባታና የከብት እርባታ ፈቃዶች ተጓጎሉ። ሕጉ ልማትን አንቆ ይዟል የሚሉ አሉ፤ ለዓመታት ሲንከባለል የቆየው የብክለት ዕዳ ግን የሕጉ አልነበረም።

ግምገማው ጉዳት ቢያሳይም መውጫ አለ፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ አስገዳጅ የሕዝብ ጥቅም ከተረጋገጠና የማካካሻ መኖሪያ ከተዘጋጀ ፕሮጀክቱ ሊፈቀድ ይችላል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ብትወጣም ሥርዓቱን በራሷ ደንብ ይዛ ቀጥላለች።