የመግዛት አቅም ተመጣጣኝነት ምንድን ነው? ሪያልን በደሴ ገበያ መመንዘር

ደሴ ውስጥ ሪያልን በብር ማባዛት የማይችል ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከባቲ እስከ ኩታበር፣ ከሐርቡ እስከ ሐይቅ ዓረብ አገር ሰው ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ወደ ምንዛሬ ይዞራል። እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ሴት ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወንዱ ልጃቸው እዚሁ አስተማሪ ነው። አንድ ቀን ሲኒውን እያቀበሉኝ፦ «የሷ 1,000 ሪያል ነው፤ የሱ የሷን ሩብ ቢሞላ ነው። እንግዲህ ከሱ አራት እጥፍ ትኖራለች ማለት አይደል?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እንደሱ አይደለም» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩና በረካው ሳይደርስ እኔው ተምታታብኝ። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን እነሆ እዚህ ልሞክር።

ማባዛቱ ላይ ስህተት የለም። የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በአንድ ዋጋ የታሰረ ነው፤ 3.75 ሪያል አንድ ዶላር ነው። ስለዚህ 1,000 ሪያል ወደ 267 ዶላር ይሆናል። ዶላሩን ለምሳሌ በ140 ብር ብንይዘው ከ37,000 ብር በላይ ይመጣል። ወንድሟ 9,000 ብር ያገኛል ብንል በእርግጥም አራት እጥፍ ነው። ችግሩ ያለው «ትኖራለች» የምትለው ቃል ላይ ነው። ባንክ ያለው ምንዛሬ ብር ለሪያል ስንት እንደሚሸጥ ይነግረናል እንጂ፣ ሪያል ጅዳ ላይ ምን እንደሚገዛና ብር ደሴ ላይ ምን እንደሚገዛ አይነግረንም።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው መለኪያ የመግዛት አቅም ተመጣጣኝነት ይባላል። የኢኮኖሚ ሰዎች ከእንግሊዝኛ ስሙ አሳጥረው ፒፒፒ ይሉታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ዓይነት የኑሮ ዘንቢል ሁለት አገር ይዘን እንውጣ። ዘንቢሉን ለመሙላት እዚያ ስንት ሪያል፣ እዚህ ስንት ብር እንደፈጀ እናስላ። የብሩ ድምር ለሪያሉ ድምር ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር፣ ኑሮን ለማነጻጸር የሚያገለግለው «ምንዛሬ» ነው።

በዕቃ በዕቃ ስናየው ነገሩ ይገርማል። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ነው የያዝኳቸው፤ የዛሬ ገበያ ናቸው ብሎ የሚሟገተኝ አይኑር። ደሴ ፒያሳ ጸጉር ለመቆረጥ 100 ብር፣ ጅዳ ደግሞ 25 ሪያል ይከፈላል እንበል። ለጸጉር አስተካካዩ ሲሆን አንድ ሪያል አራት ብር ሆነች ማለት ነው። አንዲት ክፍል ቤት እዚህ በወር 3,000 ብር፣ እዚያ 1,000 ሪያል ብትከራይ፣ ሪያሏ ሦስት ብር ናት። አሁን ወደ ሞባይል ሱቅ እንሂድ። ጅዳ 1,000 ሪያል የሚሸጠው ስልክ ደሴ ሲደርስ 40,000 ብር ነው እንበል፤ ሪያሏ በአንዴ 40 ብር ሆነች፤ ከባንኩም በለጠች። ስኳሩም ዘይቱም ወደ ስልኩ እንጂ ወደ ጸጉሩ አይጠጉም።

እነዚህ ሁሉ ዘንቢል ውስጥ ሲገቡ በእኩል ዓይን አይታዩም። ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ለማይገዛው ስልክ እና በየቀኑ ለሚበላው እንጀራ አንድ ዓይነት ክብደት መስጠት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከቤቱ ወጪ በሚወስደው ድርሻ ልክ ይመዘናል። ተመዝኖ ሲያበቃ አንድ ሪያል በ12 ብር ወጣ እንበል። ያኔ የወንድሟ 9,000 ብር፣ ጅዳ ላይ 750 ሪያል ይዞ የሚኖር ሰው ያህል ያኖረዋል። አራት እጥፍ የነበረው ልዩነት 1,000 ለ750 ሆኖ ቁጭ አለ።

ነገር ግን እማማም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ልጅቷ እኮ ቤት አትከራይም፤ የምትበላውም የምትተኛውም አሠሪዎቿ ቤት ነው። ደመወዟ ጅዳ ገበያ ላይ አይወጣም፤ ተጠቅልሎ ደሴ ይገባል። ገንዘቡ የሚመነዘረው በባንኩ ዋጋ፣ የሚወጣበት ኑሮ ደግሞ የደሴ ነው። እንግዲህ ስለ ገንዘቡ እማማ ልክ ናቸው። ስለ ልጅቷ ኑሮ ግን፣ ከሌሊት እስከ ሌሊት የምትሠራበትን ሰዓት፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ፣ በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ አለማረፏን የትኛውም ምንዛሬ አይነግራቸውም። በሁለቱ ምንዛሬዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው ወጣቱን ቀይ ባሕር የሚያሻግረው፤ እዚያ እየሠሩ እዚህ መግዛት።

ክፍተቱ ከየት መጣ? ስልክ በመርከብ ይጫናል። እዚህ ከረከሰ ነጋዴ ወደዚያ፣ እዚያ ከረከሰ ወደዚህ ያመጣዋል፤ ስለዚህ ከቀረጥና ከማጓጓዣ በቀር ዋጋው በየአገሩ ይቀራረባል። ጸጉር መቆረጥ ግን በኮንቴነር አይጫንም። ጸጉር ለመቆረጥ ከጅዳ ደሴ የሚመጣ የለም። የሁለቱ አገር ጸጉር አስተካካዮች መቀስ እኩል ይፈጥናል፤ ሀብታም አገር ያለው የበለጠ የሚከፈለው ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ እዚያው አገር ፋብሪካና ነዳጅ ማውጫ ላይ ብዙ የሚያመርት ሠራተኛ ስላለ ነው። ጸጉር ቤቱ ካልከፈለው ሰውየው ወደዚያ ይሄዳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1964 የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ቤላ ባላሳ እና ፖል ሳሙኤልሰን፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ጽፈውታል። በድሃ አገር አገልግሎት ርካሽ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወሎዬ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም ነበር። የባቲ ሰኞ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ደገኛውና የአፋሩ ሰው የሚገናኙበት ነው። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ በራቁ ቁጥር ለአንድ ማርትሬዛ ጠገራ ብር የሚሰጠው አሞሌ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄድ ነበር። ያው አሞሌ፣ ያው ማርትሬዛ፤ ቦታው ሲለወጥ ሚዛኑ ይለወጣል። የሲራራ ነጋዴ በሁለት ገበያ መካከል ያለውን ልዩነት አስልቶ ነበር አህያውን የሚጭነው።

ሐሳቡን በዛሬ ስሙ የጠራው ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጉስታቭ ካሰል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1918። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አገሮች ገንዘባቸውን ከወርቅ ፈትተው፣ ዋጋ ንሮ፣ የቀድሞው ምንዛሬ ሁሉ ተበላሽቶ ስለነበር፣ አዲሱ ምንዛሬ ስንት መሆን አለበት የሚል ጥያቄ ነበረበት። ዘንቢሉን ይዞ በዓለም አቀፍ ደረጃ ገበያ መውጣት የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ኢርቪንግ ክራቪስና ባልደረቦቹ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ሆነው ጥቂት አገሮችን በማነጻጸር ጀመሩ። ዛሬ ሥራውን የሚመራው የዓለም ባንክ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2021 ዋጋን የያዘው ዙር 176 አገሮችንና ግዛቶችን ያካተተ ሲሆን ውጤቱ በ2024 ወጣ። በአፍሪካ የሚያስተባብረው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። ሥራው ቀላል እንዳይመስል፦ «አንድ ኪሎ ሩዝ» ማለት የትኛው ሩዝ? ሰባራው ነው ሙሉው? የታሸገ ነው ከጆንያ የሚሰፈር? የእኛ ጤፍ ደግሞ ሪያድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ማን አግኝቶት ነው ዋጋው የሚነጻጸረው?

አሁን ወደ አገር እንውጣ። በገበያ ምንዛሬ ሲሰላ የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዓመት ከ1,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የአሜሪካ ከ80,000 በላይ ነው። ከሰባ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በመግዛት አቅም ሲሰላ የእኛው ከ3,000 ያልፋል፤ ልዩነቱ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። አሁንም ገደል ነው፤ ግን ሌላ ገደል። በሳዑዲ ስንሞክረው አንድ ያልጠበቅነው ነገር ይገጥመናል። የሳዑዲም ገቢ በዚህ ስሌት ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር ሳዑዲም ርካሽ አገር ናት። ስለዚህ የእኛና የሳዑዲ ልዩነት እንደ አሜሪካው አይጠብም። ሀብታም አገር አገልግሎት ይወደድበታል አላልንም? ሳዑዲ ውስጥ ቤት የሚጠርገው፣ መኪና የሚነዳው፣ ሕንጻ የሚገነባው አብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነው፤ ከእስያ፣ ከአፍሪካ። የሀብታም አገር ነዳጅ፣ የድሃ አገር ደመወዝ። የእማማ ልጅ በ1,000 ሪያል ስትሠራ የአሠሪዎቿን የመግዛት አቅም ከፍ እያደረገች ነው።

ይህ መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ እኛን በደንብ ያስተማረን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀ ዕለት። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። በዶላር የሚለካው ኢኮኖሚያችን በወረቀት ላይ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ኩታበር ያለው ገበሬ ግን ሐምሌ 21 ያረሰውን ማሳ ሐምሌ 23ም አርሶታል፤ በሬውም አልከሳም። ገቢው በአንድ ሌሊት በግማሽ አልወረደም። በኋላ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ እየተወደደ መጥቶ ደረሰበት፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቀስ እያለ የሚመጣ።

ስለ ድህነት ወለል ሲወራ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ስህተትም እዚህ ላይ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የከፋ ድህነት ወለልን በቀን 3 ዶላር አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት 2.15፣ ከዚያም በፊት 1.90 ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ በባንክ ምንዛሬ ያባዛና «በቀን ከ400 ብር በላይ! እንዲህማ ከሆነ ደሴ ውስጥ ድሃ ያልሆነ ማን አለ?» ይላል። ዶላሩ የባንክ ዶላር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 3 ዶላር የሚገዛውን ያህል እዚህ ለመግዛት የሚበቃ ብር ማለት ነው፤ ያም በባንክ ከሚባዛው በብዙ ያነሰ ነው።

ታዲያ የባንኩን ምንዛሬ እንጣለው? አይሆንም። አገር ዕዳዋን የምትከፍለው፣ ነዳጅ የምትገዛው፣ ዳያሊስስ ማሽን የምታስመጣው በባንኩ ዶላር ነው። ጸጉር መቆረጥ ርካሽ ስለሆነልን ማንም የውጭ ነጋዴ አያዝንልንም። ዘንቢሉም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው፤ የአገር አማካይ ስለሆነ አዲስ አበባን፣ ደሴንና ገጠሩን ወረባቦን ያለ ልዩነት አንድ ላይ ይሰፍራል። ርካሽ ክፍል ቤት ይላል፤ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ግን አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ እየተንተባተብኩም ቢሆን በሌላ ቀን ለእማማ ነገርኳቸው። በጸጥታ ሰሙኝና፦

«እሺ፣ ልጄ በላከችው ብር ቤት እያሠራሁ ነው። በየትኛው ምንዛሬ ነው የማሠራው?»

«ብረቱ በባንኩ ነው እማማ፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። የግንበኛው የቀን ሒሳብ ግን በሌላው፣ በእኛው ነው።»

«ግንበኛውማ» አሉ ረከቦቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ፣ «ዓረብ አገር ልጅ እንዳለኝ ካወቀ ወዲህ በባንኩ ሆኗል።»