ወንድነት ምንድን ነው?

የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በአዲስ አበባ ሰፈሮች የማይጠፋ ነገር አለ። አንዲት ሴት በአንድ እጇ ዶሮ፣ በሌላው ቢላ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። የሚያልፍ ወንድ እየጠበቀች ነው። «ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ» ትላለች። የሚያልፈው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቢሆንም ግድ የላትም። ወንድ ይሁን እንጂ።

እኔም በዚያው ዕድሜ ነው የተጠራሁት። የጠሩኝ ጎረቤታችን ነበሩ። ክንፎቿን በእግሬ ረገጥኩ፣ አንገቷን ያዝኩ፣ በስመ አብ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስጨርስ ትከሻዬን መታ አድርገው «ወንዳታ!» አሉኝና ዶሮዋን ይዘው ገቡ። የቀረው ሥራ የእኔ አልነበረም። ላባ መንጨቱ፣ በሎሚና በጨው ማጠቡ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣቱ፣ ሽንኩርቱን ማቁላላቱ የሳቸውና የልጃቸው ነበር። እኔ የሠራሁት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እነሱ ማታ ድረስ ሠሩ። «ወንዳታ» የተባልኩት ግን እኔ ነኝ። ያን ቀን ስንት ጊዜ በልቤ እንደደጋገምኩት አልረሳውም።

ወንድነት እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። ወንድ ሆኖ መወለድ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ወንድነት ግን ሰው የሚመሰክርልህ ነገር ነው። ዛሬ የመሰከረልህ ሰው ነገ ሊነሳህ ይችላል። ለዚህ ነው ወንድ ለሆነ ሰው «ወንድ ሁን እንጂ!» የምንለው። ቤቷን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ ለያዘች ሴት ደግሞ «እሷ ወንድ ናት» እንላለን፤ እንዳከበርናት ቆጥረን። የሚያለቅሰውን ወይም ድምፁ ቀጠን ያለውን ልጅ «ሴታሴት» ብለን እናሳቅቃለን። ቃሉ ጾታን መግለጹን ትቶ እንደ ማዕረግ ማገልገል ከጀመረ ቆይቷል።

ማዕረግ ደግሞ መለኪያ ይፈልጋል። መለኪያው ከትውልድ ትውልድ ይለዋወጣል፤ ቃላቱም አብረው ይሄዳሉ። «ጎበዝ» የሚለውን ውሰዱ። ድሮ ጎበዝ ማለት ለጦር የደረሰ ወጣት ወንድ ነበር። «የጎበዝ አለቃ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ መምህሯ የቤት ሥራዋን አሳምራ ለመጣች የሰባት ዓመት ልጅ «ጎበዝ!» ትላታለች፣ ማንም ስለ ጦርና ጋሻ አያስብም። ቃሉ ከወንዶች እጅ ወጥቶ የሁሉም ሆነ።

ስለ ወንድነት ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚለው አንድ ነው። ድሮ ወንዱ ጠንካራ ነበር፣ የአሁኑ ለስላሳ ሆነ። አንዱ ይህን ሲል ያዝናል፣ ሌላው ደስ ይለዋል። እኔ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይመስለኝም። በአንዳንዱ ነገር ላልተናል። በአንዳንዱ ደግሞ ከአያቶቻችን ይልቅ ጠብቀናል።

የአያቶቻችን መለኪያ በዋናነት ከቤት ውጭ ነበር። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ይሉ ነበር። ወንዱ የሚታየው በሙግት፣ በእርሻ፣ በአደን፣ በጦር ሜዳ ነው። ሲፎክር «ዘራፍ!» ይላል፣ ገዳይነቱን ይቆጥራል። ጓዳ መግባት ግን ነውር ነበር። እስከዚህ ድረስ የምናውቀው ታሪክ ነው።

ሌላውን ግን ረስተነዋል። በዚያ ዘመን ዝሆን የገደለ ጀግና በጆሮው የወርቅ ሎቲ ያንጠለጥል ነበር። ፀጉሩን ያጎፍራል፣ ቅቤ ይቀባል። ዛሬ አንድ ወጣት ጆሮውን ተበስቶ ሰፈር ቢገባ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «የአባቶቻችን ባህል አይደለም» የሚለው ሰውም አይጠፋም።

ለቅሶውንም አስቡት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተነው አድገናል። የገጠር ለቅሶ ያየ ሰው ግን ወንድ እንዴት እንደሚያለቅስ ያውቃል። ኩታውን አደግድጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የሟቹን ስም እየጠራ፣ ጀግንነቱን እየቆጠረ። ሟቹ ስም ያለው ሰው ከሆነ ፈረሱና ጠመንጃው ይወጣሉ፣ ፉከራውና እንባው ይቀላቀላል። የሚያፍር የለም። እንዲያውም በወንድሙ ለቅሶ ላይ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው ነው የሚታማው። ከዚያም ጺሙን ሳይላጭ ይሰነብታል፤ ያየው ሁሉ ሐዘን ላይ መሆኑን ያውቅለታል። ያ ወንድነት ጨካኝ ገጽ እንደነበረው አልክድም። ሴት ልጅ ብዙ ከፍላበታለች። ለወንዱ እንባ ግን ቦታና ቀን ለይቶለት ነበር።

አሁን ከተማ ቀብር ላይ ወጣቶቹን ተመልከቱ። ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ፣ መንጋጋቸውን ነክሰው ይቆማሉ። የልጅነት ጓደኛዬ አባቱን የቀበረ ቀን እንደዚያው ነበር። ሁላችንም «በርታ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ» አልነው። እኔም ብያለሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

በአባቶቻችን ዘመን መለኪያው ወደ ደመወዝ ዞረ። ሕጉም ይህንን ጽፎት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገው። ባል ለሚስቱ አገልጋይ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራም ግዴታ ጥሎባት ነበር። አባወራነት እንግዲህ በወግ ብቻ ሳይሆን በሕግ የታሰረ ነበር። ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ባልና ሚስት በቤታቸው እኩል ሆኑ።

ሕጉ ተለወጠ፣ ሽማግሌዎቹ የሚጠየቁት ጥያቄ ግን አልተለወጠም። «ልጁ ምን አለው? የት ይሠራል?» ይህ ጥያቄ ዛሬ ብዙ ወጣት ያንገዳግዳል። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ አለ፣ ሥራ ይዞ ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለት አለ። በሌላ በኩል እህቱ ቤሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ብር የእናቱን ጣሪያ ቀይሯል፣ ለእሱም ባጃጅ ገዝቶለታል። ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። «የቤቱ ወንድ» የሚባለው ግን አሁንም እሱ ነው። ያ ልጅ ስሙና ኑሮው ሲጣሉበት የሚሰማውን የሚናገርበት ቦታ የለውም።

ይህን ክፍተት ስልኩ ይሞላለታል። ማታ ተኝቶ አጫጭር ቪዲዮ ያያል። አልፋ (የበላይ ወንድ)፣ ሲግማ (ብቻውን የሚሄድ ወንድ) የሚሉ ቃላት በአማርኛ ንግግር መሐል ይሰማል። ጂም ሥራ፣ ብር ያዝ፣ ስሜትህን ለማንም አታሳይ፣ ሴትን አትመን ይሉታል። ከዚያም «እውነተኛው የአባቶቻችን ወንድነት ይህ ነው» ብለው ይጨርሱለታል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አባቶቻችን ጮክ ብለው ያለቅሱ ነበር። ከጓደኞቻቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዱ ነበር። ይሄ ብቸኛ፣ ማንንም የማያምን፣ ድንጋይ የሆነ ወንድ ከእነሱ የተወረሰ አይደለም።

አባቴ ከሥራ ጓደኛው ጋር ፒያሳ ሲሄድ ትንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው ነበር የሚሄዱት። ሁለት ጎልማሶች፣ ኮት የለበሱ፣ ስለ ዕቁብ እያወሩ። ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ግን አንድ ቀን እጁን ስይዘው ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። ቅር አላለኝም፤ እዚያ ሲያድግ እጅ መያያዝ ሌላ ትርጉም ነው ያለው። የሚገርመኝ የእኛ ሰፈር ልጆችም አሁን እንደሱ መሆናቸው ነው። ያው የአክስቴ ልጅ ግን ሴት ልጁን ዳይፐር ሲቀይርላት፣ ገላዋን ሲያጥባት፣ ፀጉሯን ሲሠራላት ሁለቴ አያስብም። አባቴ እኔን አንድም ቀን አጥቦኝ አያውቅም። ላላ፣ ጠበቀ የምለው ይህንን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ልጅ ወለደ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እሱ ሦስቱን ቀን ጓዳ ነው ያሳለፈው። ገንፎ ሲያገነፋ አየሁት። ድስቱን በእግሩ ጫፍ ደግፎ፣ በሁለት እጁ ማማሰያውን ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኗል። እናታችን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልትነጥቀው ፈልጋ ተወችው። «ጓጎለብህ፣ ደህና አድርገህ አማስል» አለችው ብቻ። አባታችን ሳሎን ሆኖ ሰማ፣ ምንም አላለም። ገንፎው ሲቀርብ ግን በላ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ወንድሜ ከሥራ ተቀነሰ። ለማንም አልተናገረም። ገንፎ ማገንፋት ያላሳፈረው ልጅ ይህን መናገር አቃተው። ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል። ቀኑን አንድ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ማታ ሚስቱ «ሥራ እንዴት ነበር?» ስትለው «ደህና» ይላል። ሚስቱ ያወቀችው ከሰው ሰምታ ነው።

አባታችን ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣም። ጋቢውን ደርቦ «ተነስ፣ ወጣ እንበል» አለው። በመስኮት ተመለከትኳቸው። ኮብልስቶኑን ይዘው ወደ ታክሲ ተራው እየወረዱ ነበር፣ ቀስ ብለው። አባቴ የወንድሜን ትንሽ ጣት በትንሽ ጣቱ ቆልፎ ይዞታል። ወንድሜ ትንሽ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር። እጁን ግን አላስለቀቀም።