ሰርቨራችን ላይ ያለው ሜሞሪ ሊሚት፦ የምንሳሳተውና እውነታው

«ሜሞሪ ሊሚቱን ከፍ ባደረግኩት ቁጥር ዌብሳይቱ ይፈጥናል»

ይኸኛው እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። የፒኤችፒ (ዌብሳይቱ የተጻፈበት ቋንቋ) ሜሞሪ ሊሚት ካልተነካ 128 ሜጋባይት ነው። ቁጥሩ አንድ ሪኩዌስት (አንድ ጎብኚ ገጽ ሲከፍት የሚመጣ ጥያቄ) ከዚያ በላይ እንዳይወስድ የሚከለክል ጣሪያ እንጂ ለዌብሳይቱ የተመደበ ድርሻ አይደለም። 40 ሜጋ የሚበቃው ሪኩዌስት ጣሪያው 128 ሆነ 512 ፍጥነቱ ያው ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ስናባዛው ነው። 2 ጊጋ ራም ባለው ሰርቨር ላይ 20 የፒኤችፒ ፕሮሰስ (በአንድ ጊዜ የሚሮጥ ሥራ) ፈቅጄ ሊሚቱን 512 አደረግኩት፤ የሌለኝን 10 ጊጋ ቃል ገባሁ ማለት ነው። አንድ ምሽት ሰው ሲበዛ ራሙ አለቀ። ሊኑክስ እንዲህ ሲጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፤ ያን ቀን ዕጣው የወጣው ለዳታቤዛችን ለማይኤስኪውኤል ነበር። ገጹ ላይ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ስለወጣ፣ ጥፋት የሌለበትን ፓስዎርድ ስፈትሽ አመሸሁ። ገዳዩ ስሙን የጻፈው ከርነል ሎጉ (የሊኑክስ እምብርት የሚጽፈው መዝገብ) ላይ ነበር፤ ዲሜሴጅ የሚለውን ትዕዛዝ ጽፌ ባየው በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

አሁን ሒሳቡን ከታች እጀምራለሁ፦ ለሲስተሙና ለዳታቤዙ 800 ሜጋ ሲነሳ 1200 ይቀራል፤ አንዱ ፕሮሰስ 80 ገደማ ሲይዝ አይቻለሁ፤ ስለዚህ 15 ፕሮሰስ፣ ከዚያ በላይ የለም።

«ፍሪ የሚለው 90 ሜጋ ብቻ ነው፣ ሰርቨሩ ሞልቷል»

ሊኑክስ ሥራ ፈት ራም አይወድም፤ በቅርብ የተነበቡ ፋይሎችን ያስቀምጥበታል፣ ሲፈለግም ይለቃል። ፍሪ የሚባለው ትዕዛዝ በሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ መታየት ያለበት አቬይለብል የሚለው ዓምድ ነው።

«ኮንቴይነር (አፕሊኬሽንን ለብቻው ከልሎ የሚያስኬድ ሣጥን) ሊሚቱ ላይ ሲደርስ ይንቀራፈፋል እንጂ አይሞትም»

ይህ የሲፒዩ ጠባይ ነው። ሲፒዩ ሲያንስ ወረፋ ይጠበቃል፤ ሜሞሪ ሲያልቅ ግን ይገደላል። ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሲስተም) ላይ ኮድ 137 ካያችሁ 128 (በሲግናል ተገደለ ማለት ነው) ሲደመር 9 ነው። ሲግናል 9 (ወዲያው ሙት የሚል ትዕዛዝ) ደግሞ ኑዛዜ እንኳ አያስጽፍም፤ የአፕሊኬሽኑ ሎግ ዝም ያለው ለዚህ ነው።

«ለጃቫ ኮንቴይነር 2 ጊጋ ከሰጠሁ ሁሉንም ይጠቀምበታል»

ካልነገራችሁት ሂፑ (ጃቫ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ዋና ሜሞሪ) የሚወስደው ሩቡን፣ 512 ሜጋ ገደማ ነው። ይህን ድርሻ በመቶኛ የሚወስነውን ማክስ ራም ፐርሰንቴጅን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ 100 ማለት ግን እብደት ነው፤ ትሬዶችና (ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) ሜታስፔስ (የክላሶች መረጃ የሚቀመጥበት) የሚኖሩት ከሂፑ ውጭ ነው። እኔ 75 አላልፍም።

«ላምዳ ላይ ሜሞሪ መቀነስ ወጪ መቀነስ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ላምዳ (ኮዳችንን ሲጠራ ብቻ የሚያስኬድልን የአማዞን አገልግሎት) ላይ ሲፒዩ የሚሰጠው በሜሞሪው ልክ ነው፤ አንድ ሙሉ ቪሲፒዩ (ቨርቹዋል ሲፒዩ) የሚገኘው 1769 ሜጋ ላይ ነው። ስሌት የሚበዛበትን ሥራ በ128 ማስሄድ ጊዜውን ያረዝመዋል፤ ሒሳቡ ደግሞ ጊዜንም ይቆጥራል።

«512 ትንሿ ኤም፣ ያው ሜጋባይት ነው»

ዶከር (ኮንቴይነር ማስኬጃ) ላይ አዎ። ኩበርኔቲስ ላይ ግን ትንሿ ኤም አንድ ሺኛ ናት፤ የጠየቃችሁት ግማሽ ባይት ገደማ ነው። ኤምን ትልቅ አድርጋችሁ ከኋላዋ አይ የምትባለውን ፊደል ጨምሩባት (Mi)።