የቆዩ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክሎች የጎማ ኩሽኔታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2000 ያመረተው ባለ ስድስት ሲሊንደር ጎልድ ዊንግ 1500 እና ሃርሊ ዴቪድሰን በ1990ዎቹ ያወጣቸው ኤሌክትራ ግላይዶች ዛሬም ሁለት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ጭነው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። የእነዚህን ሞተሮች የጎማ ኩሽኔታ (በውስጠኛና በውጭ ቀለበት መካከል ባሉ ኳሶች ወይም ሮለሮች ጎማው በአክስሉ ላይ እንዲዞር የሚያደርገውን ክፍል) መቀየር ውስብስብ ሥራ ስላልሆነ ብዙ ባለቤቶች በቤታቸው ይሠሩታል። ሆኖም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ የኖሩ በርካታ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። በእኔ እምነት ያለ ዕድሜያቸው ከሚያልቁት ኩሽኔታዎች ብዙዎቹ የሚጎዱት በመንገድ ላይ ሳይሆን በሚገጠሙበት ቀን ነው፤ ስለዚህም ከዚህ በታች ሰፋ አድርጌ የማብራራው ስለ አገጣጠሙ ነው።

«ድምፅ እስካላሰማ ድረስ ጤነኛ ነው»

ትልቅ የንፋስ መከላከያና ሻንጣ ባለው ሞተር ላይ የንፋሱ፣ የጎማውና የሞተሩ ድምፅ የኩሽኔታውን ድምፅ ይሸፍነዋል። ጉርምርምታው ለጆሮ ሲደርስ የኳሶቹ መሮጫ ቀድሞ ተቆርፍዷል። ትክክለኛው ምርመራ የሚደረገው በእጅ ነው። ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ላይ ቆሞ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲገፋና ሲሳብ ምንም ዓይነት ንቅናቄ ሊሰማ አይገባም። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ሹካውን ወይም የኋላውን ክንድ አጥብቆ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ የመሪው ወይም የክንዱ መላላት የጎማ ኩሽኔታ ጥፋት መስሎ ሊያሳስት ይችላል። ከዚያ ጎማው ወጥቶ ጣት በውስጠኛው ቀለበት ውስጥ ገብቶ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ጤነኛ ኩሽኔታ በግሪሱ ምክንያት ትንሽ ከበድ እያለ ወጥ ሆኖ ይዞራል። አሸዋ እንዳለበት የሚቆረቁር ወይም በአንድ ቦታ ላይ የሚያዝ ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ ያለ ምንም ከባድነት በነፃ የሚሽከረከርም ቢሆን ግሪሱ አልቆበታል ማለት ስለሆነ ሊያስደስት አይገባም። የላላ ኩሽኔታ ዲስኩን እያወዛወዘ የፍሬን ሸራዎቹን ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ የፍሬኑ እጀታ በድንገት ረዘም ብሎ መሳብ ሲጀምርም ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው።

«የታሸገ ኩሽኔታ ዕድሜ ልክ ያገለግላል»

በሁለቱም ጎን ያለው የላስቲክ ክዳን አቧራና የመንገድ ውሃን ይከላከላል፤ ከቅርብ የሚተኮስ ባለ ከፍተኛ ግፊት የውሃ ማጠቢያን ግን አይችለውም። ከረጅም ጉዞ በኋላ የሞቀ የጎማ መሃል በቀዝቃዛ ውሃ ሲመታ በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውሃውን በክዳኑ ከንፈር በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። እርጥበት ይዞ ለወራት በቆመ ሞተር ላይ ደግሞ ዝገቱ ኳሱ ባረፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳ አሮጌ ሞተር ኩሽኔታው አዲስ እንደሆነ መገመት አይገባም።

«ግሪስ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

አይሻልም። በኳስ ኩሽኔታ ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ ሢሶ ያህሉ በግሪስ ከተያዘ በቂ ነው። ሞልቶ የተጠቀጠቀ ግሪስ በኳሶቹ እየታመሰ ሙቀት ይፈጥራል፣ ክዳኑንም ወደ ውጭ ይገፋል።

«አንዱ ብቻ ስለተበላሸ ሌላው ይቆይ»

ኩሽኔታን ከቤቱ፣ ማለትም በጎማው መሃል ከሚገጠምበት ቀዳዳ፣ የሚያስወጣው ምት ወይም መጎተቻ የሚያርፈው በውስጠኛው ቀለበት ላይ ነው። የውጭው ቀለበት ግን ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ስለተያዘ ኃይሉ በሙሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል። በዚህ መንገድ የወጣ ኩሽኔታ ለዓይን ያልተነካ ቢመስልም ተመልሶ መገጠም የለበትም። በአንድ ጎማ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ኩሽኔታዎች ያሳለፉት መንገድም አንድ ስለሆነ አንዱ ካለቀ ሁለቱም ይቀየራሉ። በካቴና በሚነዱ ሞተሮች ላይ ደግሞ ካቴናው የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ክብ የሚሸከመው ክፍል የራሱ ኩሽኔታ ስላለው፣ እርሱ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጎልድ ዊንግ በካቴና ሳይሆን በካርዳን (በሚሽከረከር ዘንግ) የሚነዳ ስለሆነ ይህ ክፍል የለውም።

«ለማስገባት መዶሻና ጉልበት ይበቃል»

ይህ ከሁሉም የሚጎዳው አመለካከት ነው። 6204 የሚባለው የተለመደ ኩሽኔታ ቆሞ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት መሸከም ይችላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ጎማ በደቂቃ የሚዞረው 830 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኩሽኔታው ቀላል ፍጥነት ነው። ይህን ያህል ጠንካራ የሆነው ዕቃ የሚሸነፈው ጭነቱን በትክክለኛው መንገድ ሲቀበል ሳይሆን የመዶሻ ምት በአንድ ቅጽበት ኳሶቹን በጠባብ ነጥብ ላይ ከመሮጫው ጋር ሲያጋጫቸው ነው። በዚያ ምት የሚፈጠረው ስርጉድ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ኳሱ ባለፈበት ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል።

መርሁ አንድ ነው፤ ኃይሉ ጠብቆ በሚገባው ቀለበት ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። በጎማ ላይ የሚጠብቀው የውጭው ቀለበት ስለሆነ፣ የሚገፋው ነገር (ተመጣጣኝ ቡሶላ፣ ማለትም ክብ የቡሎን መፍቻ፣ ወይም ዳሩ በትንሹ የተሞረደ የአሮጌው ኩሽኔታ የውጭ ቀለበት) የውስጠኛውን ቀለበትና ክዳኑን በፍጹም መንካት የለበትም።

ሙቀትን በአግባቡ ለተጠቀመ ሰው መዶሻው እምብዛም አያስፈልገውም። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። 47 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኩሽኔታ ቤት ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ኩሽኔታ ደግሞ ከክፍሉ ሙቀት በ40 ዲግሪ ቢወርድ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠባል። ሁለቱ ሲደመሩ አብዛኛውን ጊዜ ኩሽኔታው በእጅ ግፊት ወይም በቀላል ምት ቦታውን ይይዛል። የሚሞቀው ግን ቤቱ እንጂ ኩሽኔታው አይደለም፤ የተለመደው የላስቲክ ክዳን ከ100 ዲግሪ በላይ ይጎዳል፣ ብረቱም በጣም ከሞቀ ጥንካሬውን ያጣል። የነበልባል ችቦ በአንድ ቦታ ላይ ማተኮር ቀለሙን ያቃጥላል፣ ቸርኬውንም ሊያጣምም ይችላል። ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ዙሪያውን እኩል ያሞቃል።

«ሁለቱንም እስከ መጨረሻው መምታት፣ አክስሉንም አጥብቆ ማሰር ነው»

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው የብረት ቱቦ፣ ማለትም ስፔሰሩ፣ ክፍተት መሙያ ብቻ ይመስላል። ሥራው ግን ከዚያ ይበልጣል። አክስሉ ሲታሰር ኃይሉ ከአንዱ የውስጥ ቀለበት በቱቦው በኩል ወደ ሌላኛው ስለሚተላለፍ ሁለቱ ቀለበቶችና ቱቦው እንደ አንድ ዘንግ ይሆናሉ፤ ኳሶቹም ከዚያ እስራት ነፃ ሆነው ይዞራሉ። ይህ የሚሆነው አንዱ ኩሽኔታ በቤቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ገብቶ ሙሉ በሙሉ ከተቀመጠና ሁለተኛው ደግሞ የውስጥ ቀለበቱ ቱቦውን እስኪነካ ድረስ ብቻ ከገባ ነው። ሁለተኛው ያን አልፎ ከተመታ ቱቦው የውስጥ ቀለበቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ኩሽኔታው ጎማው ገና ሳይዞር ጎናዊ ጭነት ይሸከማል፣ ቶሎም ይሞቃል። ቱቦው ከተረሳ ወይም አጭር ከሆነ ደግሞ የአክስሉ እስራት ራሱ የውስጥ ቀለበቶቹን እርስ በርስ ያቀራርባቸዋል። ዳዶውን ከመመሪያው በላይ ማጥበቅ ይህን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በየትኛው ጎን መጀመር እንዳለበት የእያንዳንዱ ሞዴል የጥገና መመሪያ ይናገራል። ሥራው ካለቀ በኋላ ቱቦው በጣት ሲገፋ በትንሽ መከልከል ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ፣ ወደፊትና ወደ ኋላ ካልተንኳኳ፣ ሁለቱም የውስጥ ቀለበቶች በለስላሳነት ከዞሩ ልኩ ተገኝቷል።

«ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው»

በ6204 ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በአምስት ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ይሰጣሉ፤ 20 ሚሊ ሜትር። የውጭው ስፋት 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ቀጥለው የሚጻፉት ምልክቶች ግን የሚናቁ አይደሉም። 2አርኤስ በሁለቱም ጎን የላስቲክ ክዳን እንዳለ ይገልጻል፤ ዜድዜድ ደግሞ ውሃ የማይከላከል የብረት ሽፋን ነው፤ ለጎማም አይመረጥም። ሲ3 የሚለው የውስጥ ክፍተቱ ከተለመደው ሰፋ ያለ መሆኑን ያሳያል፤ ቀለበቱ በጥብቅ ቤት ውስጥ ሲጨመቅ ክፍተቱ ስለሚቀንስ አንዳንድ አምራቾች ይህን ይጠይቃሉ። ዋጋው እጅግ ርካሽ የሆነና ማሸጊያው የሚያጠራጥር ኩሽኔታ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ከታወቀ አስመጪ መግዛት ይሻላል።

«ሁሉም የጎማ ኩሽኔታ ባለ ኳስ ነው»

ሃርሊ እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ሞዴሎቹ ድረስ ሾጣጣ ሮለር ያላቸውን ኩሽኔታዎች ይጠቀም ነበር፤ የታሸገውን ባለ ኳስ የጀመረው በ2000 ሞዴል ነው። ሾጣጣዎቹ ሊታጠቡ፣ በአዲስ ግሪስ ሊሞሉና ለብዙ ዓመት ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሮለሩና ተቀባዩ ጽዋ አብረው የለመዱ ስለሆኑ ግራና ቀኙ መቀያየር የለበትም። ሲቀየሩም ሁለቱም በአንድነት ይቀየራሉ። የጎን ንቅናቄያቸው በስፔሰርና በቀጭን ሮንዴላ የሚስተካከል ሲሆን፣ በብዙዎቹ የ1990ዎቹ ሃርሊዎች ላይ ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ በዳያል መለኪያ ይነበባል። ይህን በእጅ ግምት መተው አይቻልም።

«ቤቱ ከሰፋ በፑንቶ ነጥብ በነጥብ መምታት ነው»

የውጭው ቀለበት ከጎማው ጋር ስለሚዞር ጭነቱ ዙሪያውን እየተዘዋወረ ይጫነዋል፤ ለዚህ ነው በቤቱ ውስጥ ጠብቆ መያዝ ያለበት። ከላላ እየተንሸራተተ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በፑንቶ፣ ማለትም በሹል የብረት መምቻ፣ የተመቱ ነጥቦች ቀለበቱን የሚይዙት በጥቂት ጫፎች ብቻ ነው፤ እነርሱም ብዙም ሳይቆዩ ይደፈጠጣሉ፣ ኩሽኔታውንም ከመሃሉ ያዛንፉታል። ክፍተቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች የሚቆጠር ከሆነ ለዚሁ የተሠራ፣ ክብ ክፍሎችን የሚይዝ ማጣበቂያ፣ ንጹሕና ከቅባት የጸዳ ቤት ላይ ተቀብቶ በቂ ጊዜ ከተሰጠው ይይዛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቸርኬው ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቤቱ ይሰፋና ቀለበት ይገባበታል፤ ባለሙያው አዲሱን ቀዳዳ ከተቃራኒው ቤትና ዲስኩ ከሚታሰርበት ገጽ ጋር ማስተካከል ካልቻለ ደግሞ ሌላ ቸርኬ መፈለግ ይሻላል።